የሥራ ባልደረባን መውደድና ከ«እንቢ» በኋላ ያለው ሰኞ

ከምረቃ በፊት ባሉት በእነዚህ ሳምንታት የሠልጣኞች ወሬ ሁሉ ምደባ ሆኗል። ማን ከሚሴ ይቀራል፣ ማን ባቲ ይደርሰዋል፣ ማን ከሰንበቴ አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል ይባላል። ሰሞኑን በሻይ ሰዓት አንድ ሠልጣኝ በዚሁ ወሬ መካከል፣ «ጋሼ፣ በምመደብበት ትምህርት ቤት የምታስተምር ልጅ ብወድስ? ነውር ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልመሰለኝም። በዕለቱ አጥጋቢ መልስ ስላልሰጠሁት እነሆ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ መልሴን አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ የማይቀር መሆኑን እንመን። ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ከቤተሰቡ ርቆ፣ አምስት ወይም ስድስት መምህራን ብቻ ባሉበት የገጠር ትምህርት ቤት ሲመደብ ከማን ጋር ይውላል? ከባልደረቦቹ ጋር ነዋ! አብሮ ያስተምራል፣ አብሮ ፈተና ያርማል፣ ደመወዝ ሲደርስ አብሮ ሰንበቴ ይወጣል። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በሚጋፋበት የእሑድ ገበያ ሁለት መምህራን ጎን ለጎን ቆመው ሽንኩርት ሲመርጡ ከታዩማ፣ ሰኞ ጠዋት ወሬው ከነሱ ቀድሞ ሰልፍ ሜዳው ላይ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ያለን ሰው «ባልደረባህን እንዳትወድ» ብሎ መምከር ከንቱ ድካም ነው። የምናከብራቸው ብዙ የመምህራን ቤተሰቦች የተመሠረቱትም በዚሁ መንገድ ነው።

ከመምህርነት ሙያ ውጭም ምሳሌ አለን። አትሌት ጥሩነሽ ዲባባና አትሌት ስለሺ ስህን በ2001 ዓ.ም. ሲጋቡ ሁለቱም የአንድ ብሔራዊ ቡድን ባልደረቦች ነበሩ። ከጥቂት ወራት በፊት በቤጂንግ ኦሊምፒክ እሷ በ5000 እና በ10000 ሜትር ወርቅ፣ እሱም በ10000 ሜትር ብር አግኝተው ተመልሰው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የሁለቱንም ሥራ የሚመዝነው ሰዓት ነበር። አንዱ የሌላውን ውጤት አይሞላም።

እንግዲህ መውደዱን አልቃወምም። እኔን የሚያሳስበኝ «እንቢ» ከተባለ በኋላ ያለው ሰኞ ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ የሚከተለው እንደ ግለሂስ ይቆጠርልኝ።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንደኛ ክፍል የምታስተምር ባልደረባዬን ወደድኩ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ሁለት ወር ሙሉ ስብሰለሰል ቆይቼ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ነገርኳት። በጨዋ ደንብ፣ «እኔ እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» አለችኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ሰላምታ ነፈግኳት። አንድ የመምህሩ መምሪያ በጋራ እንጠቀም ነበር፤ እሱን እንኳ በተማሪ እጅ እየላክሁ በእጄ መስጠት ተውኩ። ስብሰባ ላይ ትክክለኛ ሐሳብ ስታቀርብ እያወቅሁ ተቃወምኳት። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጡ ባልደረቦቻችን ደግሞ ነገሩን መጫወቻ አደረጉት። እኔም አብሬያቸው ስቄያለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን አንድ ትንሽ ልጅ ጠመኔ ሊወስድ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ከእትዬ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ዓመቱ ሳያልቅ እሷ የዝውውር ማመልከቻ አስገብታ ሄደች። ልጆቹ ፊደል በማስቆጠር የተካነች አስተማሪያቸውን ያጡት በእኔ ኩርፊያ ነው።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ሠልጣኝ የምለው ይህን ነው፦ ከመናገርህ በፊት «እንቢ ብትለኝ በማግስቱ እንደ ትናንቱ ደኅና አደርሽ ልላት እችላለሁ ወይ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ካልቻልህ ቆይ። ከቻልህ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ራስህ፣ በግልጽ ጠይቅ። በየሳምንቱ እየተመላለሱ መነዝነዝ ወንድነት የሚመስላቸው አሉ። በከተማ ቢሆን ሰው መንገድ ይለውጣል፤ አንዲት ጠባብ የመምህራን ክፍል ውስጥ ግን ወዴት ትሽሽ?

አሁን ወደ ሰዓቱ ነገር ልመለስ። የባልደረባውን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላ ርእሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር ወይም የወረዳ ኃላፊ የፍቅር ጥያቄ ሲያቀርብ ጥያቄው ብቻውን አይመጣም፤ ደረጃ ዕድገቱም፣ ዝውውሩም፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉም አብረው ይመጣሉ። የምትጠየቀው ሴት «እሺ» ብትልም እንኳ ወድዳ ይሁን ፈርታ ለጠያቂው ራሱ አይገባውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 በሥልጣኑ ወይም በኃላፊነቱ ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግብረ ሥጋ የሚፈጽምን ሰው ሲጠቅስ፣ መምህርን ከአሠሪ ጋር አሰልፎ በስሙ ጠርቶታል። በግል ትምህርት ቤት ለሚቀጠሩትም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል።

ይህ የሩቅ ሰው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። እኛ አሠልጣኞችም ሠልጣኞችን ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች እንልካለን፣ ነጥብም እንሰጣለን። ነጥብ ሰጪ እስከሆንን ድረስ «ባልደረባ» ልንባል አንችልም። ይህን ስናገር የሚቀየመኝ ቢኖር ይቀየመኝ።

አንድ አሠልጣኝ ባልደረባዬ ረቂቁን አንብቦ «በዛብህስ?» አለኝ። እውነት ነው፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የወደደው የሚያስተምራትን ሰብለ ወንጌልን ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ጌትነቱ የማን ነበር? የፊታውራሪ መሸሻ ነው። በዛብህ ተቀጥሮ የሚያስተምር ድሃ ነበርና ሰብለ ብትጠላው ኖሮ እሷን የሚጎዳበት ኃይል አልነበረውም። ማርክ በእጁ የያዘ ሰው በበዛብህ ስም ሊምል አይገባም።

የሽማግሌ ነገር ቀረኝ። በዚህ በእኛ አካባቢ ሽማግሌ ትልቅ ክብር አለው። ስለዚህም አንዳንዱ ልጅቷን ሳያናግር በቀጥታ ወደ አባቷ ሽማግሌ ይልካል። ይህን አልደግፍም። ሽማግሌ ደጅ ከቆመ በኋላ «አልፈልግም» ማለት አባትን ማሳፈር ይሆንባታልና። እሷ አስቀድማ በነፃነት «እሺ» ካለች ግን ሽማግሌውም ይላክ፣ ኒካውም ይታሰር፣ ተክሊሉም ይደረግ፤ እኛም ተጠርተን እንበላለን።

ሴት ሠልጣኞች በጉዳዩ ላይ ምን እንደሚሉ ብናነብ ደስ ይለኛል፤ እስካሁን የጻፍነው ወንዶቹ ብቻ ነን። ተቃውሞ ያለውም ለሚቀጥለው ዕትም ጽፎ ለአዘጋጅ ኮሚቴው ይስጥ። ባለፈው እንደተደረገው በጽሑፉ ላይ በእስክርቢቶ መልስ መጫር ግን ይቅር፤ ከኋላ የሚመጣው አንባቢ ማንበብ እያቃተው ነው።