ቀይ ቀበሮን ያተረፈ ማስታወሻ ደብተር

የቀይ ቀበሮ ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ቀሩ?» ብሎ ነው። መልሱ ያስደነግጣል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። እኔ ግን ቁጥር ብቻ ይዞ መጨነቅ ሩቅ አያደርሰንም ባይ ነኝ። እንስሳው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በመንገዱም ከማን ጋር እንደሚገናኝ ካላወቅን፣ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ቆሞ ከማየት በቀር የምናደርገው የለም።

ለዚህ ባሌ ምስክር ነው። አርጀንቲናዊው ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 ወደዚያ አቀና። እንዲህ ያለው ሥራ ከውጭ ለሚያየው አሰልቺ ነው። ውርጩ ሳይለቅ መነሣት፣ ቀበሮዎቹን አንድ በአንድ መለየት፣ የዋሉበትን ካርታና ማስታወሻ ደብተር ላይ ማስፈር፣ ነገም ያንኑ መድገም።

ቀይ ቀበሮ ቀን የሚያድነው ብቻውን ነው። ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ሲለቅም፣ ቀበሮው ሆዱን ከመሬት አጣብቆ በዝግታ ይጠጋዋል። ፍልፈሉ ቀና ሲል ባለበት ድርቅ ይላል፤ ሲያጎነብስ ደግሞ ጥቂት ይራመዳል። ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን መንጋው ተሰብስቦ ወሰኑን ይዞራል፤ በየቁጥቋጦው ሥር እየሸና ድንበሩን ያጸናል። ፍልፈል በበዛበት ስፍራ የአንድ መንጋ ግዛት በአማካይ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ለቀው ይሄዳሉ። አውራዋ ሴት ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር አዘውትራ እንደምትገናኝ የታወቀውም በዚሁ ክትትል ነው። በጠባብ ስፍራ የታጎረ ዘር በሥጋ ዘመድ መዳቀል እንዳይዳከም የሚያግዘው ይህ ነው።

ጥናቱ ሳያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ የእብድ ውሻ በሽታ ገባና ባሌ ውስጥ ባለው የዌብ ሸለቆ ይታወቁ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ። አንድ በአንድ ለይቶ ያወቃቸውን እንስሳት ሬሳ መቁጠር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ወደዚያው ሸለቆ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን መንጋዎቹ የት የት እንደሚውሉ፣ ሸለቆው ከሌላው የቀበሮ ምድር ጋር የሚገናኘው በየትኛው ጠባብ መተላለፊያ እንደሆነ በዓመታት ክትትል ታውቆ ነበር። ሁሉንም ለመከተብ መሯሯጥ አላስፈለገም። በመተላለፊያዎቹ አካባቢ ያሉ ሰባ ያህል ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡና በሽታው ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት ቀረ። መርፌው የት እንደሚወጋ ያመለከተው ያ አሰልቺ ማስታወሻ ደብተር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 ክትባቱን በፍየል ሥጋ ደብቆ ማብላት ሲጀመርም ሥጋው የት ይጣል የሚለውን የሚመልሰው ይኸው እውቀት ነው።

የኛ የዶክትሬት ተማሪዎች ግን ለእንዲህ ያለ ክትትል ጊዜም ገንዘብም የላቸውም። ለዶክትሬት ከሚሰጠው አራት ዓመት ትምህርቱና የጥናት ዕቅዱ ከፊሉን ይወስዱታል፤ የመስክ አበሉ ቀጭን ነው፤ ለነዳጅና ለመንገድ መሪ ሳይበቃ ያልቃል። አንድ በጋና አንድ ክረምት ያየ ተማሪ እንስሳቱን ቆጥሮ ይመለሳል፤ ወጣቷ ቀበሮ ከእናቷ መንጋ ለቃ ስትሄድ ለማየት ግን አይደርስም። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። በጀት የሚመድበው ክፍል የመስክ ወራትን እንደ ትርፍ ወጪ እስካየ ድረስ የምናገኘው ቆጠራ ብቻ ነው።

ሌላም የሚቆጨኝ አለ። በዚያ ብርድ በፈረስ እየዞሩ ቀበሮዎቹን የሚከታተሉት የባሌ ልጆች ናቸው። ተመራማሪው ተመርቆ ሲሄድ እነሱ እዚያው ናቸው፤ ታሞ የሚንገዳገድ ቀበሮ ሲታይም መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ደመወዛቸው በአንድ የጥናት ፕሮጀክት ዕድሜ ሊታሰር አይገባም። ተማሪው የሰበሰበው ካርታና የዕለት መዝገብም ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ከሚቀር፣ ቅጂው ዲንሾ ባለው የባሌ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በሽታው ዳግም ሲመጣ የትኛው ሸለቆ ቀድሞ ይከተብ ብሎ የሚጨነቀው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።