ርክክቡን ማን ፈረመ?

የመሥሪያ ቤቱ አዲሱ የኮምፒውተር ምዝገባ ሲስተም ተመርቋል። ሪባን ተቆርጧል፣ ንግግር ተደርጓል፣ «ከወረቀት ተላቀቅን» ተብሏል። ታዲያ ባለጉዳዩ ዛሬም መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» የሚባለው ለምንድን ነው? ሠራተኛዋስ አንዱን ማመልከቻ መጀመሪያ በባሕር መዝገብ፣ ቀጥላ በኮምፒውተር የምትመዘግበው እስከ መቼ ነው?

የሲስተሙ ቢጋር ሲዘጋጅ መዝገብ ቤት ወርዶ የሥራውን አካሄድ ያየ ሰው ነበር? ወይስ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሰነድ ተገልብጦ ስሙ ብቻ ተቀየረ?

ፍለጋውን እንይ። ደንበኛዋ «ፀሐይ» ተብላ ተመዝግባለች። ሠራተኛው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋታል። «አልተገኘም» ይላል ሲስተሙ። ሴትዮዋ እኮ ፊቱ ቆማለች! በአንድ ድምፅ የሚነበቡ ፊደላት እንዳሉን ገንቢው ቢዘነጋ፣ አሠሪውስ ምን ነካው? የቀኑ ሳጥን ደግሞ ወሩን 12 ላይ ይጨርሳል። ጳጉሜ 3 የተወለደ ልጅ በየትኛው ወር ይመዝገብ? በነሐሴ? በመስከረም? ይህን ለመያዝ ሊቅ መሆን አይጠይቅም፤ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግማሽ ቀን ከገንቢዎቹ አጠገብ ቢቀመጥ ይበቃ ነበር። ለምን አልተጠራም?

የሲስተሙ ግንባታ በዘገየ ጊዜ የተሰጠው መልስ «የሰው ኃይል ጨምረናል» የሚል ነበር። የአይቢኤምን የኦኤስ/360 ሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብሱን እንደሚያዘገየው በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ አዲስ መጪውን የሚያለማምደው ያው ሥራ የበዛበት ነባር ባለሙያ ነው። ታዲያ የተጨመረው ሰው ምን አፋጠነ? ወይስ የተፈለገው ለሪፖርቱ ነበር?

ሪፖርቱማ «አፈጻጸም 100 በመቶ» ይላል። የምኑ 100? የተገዛው ኮምፒውተር? የተከፈለው ገንዘብ? ባለጉዳይ ድሮ ስንት ሰዓት ይጠብቅ ነበር፣ አሁንስ? የለካው አለ? ከለካችሁ ቁጥሩ የት አለ?

ሶርስ ኮዱስ በማን እጅ ነው? ገንቢው ነገ ድርጅቱን ቢዘጋ ማን ይጠግነዋል? ባክአፑ የት ይቀመጣል? ተመልሶ ይነሳ እንደሆነ ተሞክሯል?

የርክክብ ሰነዱ ላይ ፊርማና ማኅተም አለ። የፈረሙት ኃላፊ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት በራሳቸው እጅ አንድ ባለጉዳይ መዝግበው፣ መልሰው ፈልገውታል?