በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው ጫማውን አልሰቀለም!

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ማጀቴ የሚወርድ ሰው ሸኖን ሳያልፍ አይደርስም። ለበዓል ወደ አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ሸኖ ላይ ተሳፋሪው ስለ ለጋ ቅቤ ዋጋ ይነጋገራል፣ ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፣ እኔ ግን በመስኮቱ ወደ ውጪ አያለሁ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት የሻምበል አበበ ቢቂላ ቮልስዋገን የተገለበጠችው እዚሁ ሸኖ አካባቢ ነው። መኪናዋን ያገኛት ከቶኪዮ ድሉ በኋላ ነበር።

እኛ ታዲያ የአበበን ታሪክ እዚሁ መንገድ ላይ አቁመን እንሄዳለን። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ደገመው። ሜክሲኮ ላይ አቋርጦ ወጣ፣ ማሞ ወልዴ ወርቁን አስቀረልን። ከዚያ መኪና ተገለበጠችበት፣ ከዚያ አረፈ። በቃ! እኛ የስፖርት ገጽ ጸሐፊዎችም ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ይህንኑ እያሞቅን እናቀርባለን። አንባቢም ለምዶት ያነበዋል።

ግን አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አበበ ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ከአደጋው እስከ ሞቱ አራት ዓመት ከሰባት ወር አለ። ከሮም እስከ ቶኪዮ ያለው ጊዜ እኮ አራት ዓመት ከአንድ ወር ብቻ ነው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ምን ሲሠራ ነበር? አልጋ ላይ ተኝቶ ጣሪያ ሲቆጥር? አይደለም። ስፖርት ቀይሮ ሲወዳደር ነበር!

ከአደጋው በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። መጀመሪያ ላይ እጆቹም አይታዘዙለትም ነበር፣ ቆይቶ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ስምንት ወር ያህል እዚያ ቆየ። ስለዚህ ሆስፒታል ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣ ሐኪም ነበር። አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮች አልጋ ላይ ሆነው ሞታቸውን እንዲጠብቁ አልፈልግም ብሎ ስፖርትን እንደ መድኃኒት ያዘላቸው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 ለንደን ላይ ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት ይህ ሐኪም በሆስፒታሉ ግቢ 16 አካል ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደረ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ነገር የተወለደው ከዚያች ቀን ነው። ለምን ቀስት? ቀስት ትከሻና ክንድ ያጠነክራል፣ ተቀምጦ የሚወረውረውም ቆሞ የሚወረውረውም እኩል ኢላማ ይመታል። ይሄ ዝም ብሎ ማጽናኛ አይደለም። ኔሮሊ ፌርሆል የተባለች የኒውዚላንድ ሴት እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ሳትነሳ ከጤነኞቹ ጋር ቀስት ወርውራለች። ፓራሊምፒክ አላልኩም፣ ኦሊምፒክ ነው ያልኩት።

አበበም ያንኑ ቀስት አነሳ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንደቪል ውድድር ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። ማሰብ ነው እንግዲህ! የዓለም ሕዝብ በሁለት እግሩ የሚያውቀው፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ማራቶን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው፣ እንደ ጀማሪ ተሰልፎ ኢላማ ሲፈልግ። በዓመቱ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በእንግድነት ተጋበዘ። እንግዳ ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል፣ እሱ ግን እዚያም በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ይህም ሳይበቃው በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ላይ ወጥቶ 16 ተወዳዳሪ በነበረበት ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የሸዋ ልጅ፣ በበረዶ ላይ፣ በውሻ ጋሪ! ይህ ድል ከሮምና ከቶኪዮ ጎን የማይጻፍበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም።

ስፖርት መቀየርን የምናይበት ዓይን ራሱ ችግር አለበት። ሌላ ሙከራ የሚያደርገውን «ያልተሳካለት» እንለዋለን። በውጪው ዓለምም ይህ በሽታ ነበር። ራግቢ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ በ15 ተጫዋች ሌላው በ13 ተጫዋች የሚካሄድ። እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ድረስ ከባለ 15ቱ ወደ ባለ 13ቱ ለገንዘብ የሄደ ተጫዋች እንደ ከሃዲ ታይቶ በሩ ይዘጋበት ነበር። በሩ ሲከፈት ምን ታየ? ሶኒ ቢል ዊልያምስ የሚባለው ኒውዚላንዳዊ በ2008 ከባለ 13ቱ ወደ ባለ 15ቱ ተሻግሮ በ2011 የዓለም ዋንጫ አነሳ፣ በ2013 ተመልሶ በባለ 13ቱ ከሲድኒ ጋር የአውስትራሊያ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2015 እንደገና የዓለም ዋንጫ ወሰደ። በመሀልም ቦክስ ይጋጠም ነበር። የእኛውም ማሞ ወልዴ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ የሮጠው 800 እና 1500 ሜትር ነበር፣ የ4 በ400 ዱላ ቅብብልም ጭምር። «አንተ አጭር ርቀት ነህ፣ እዚያው ሁን» ተብሎ ቢቀር ኖሮ የሜክሲኮን ወርቅ ማን ያመጣልን ነበር? አበበ ራሱስ ቢሆን መቼ ከሩጫ ጀመረ? በልጅነቱ ሩር እያባረረ ገና ይጫወት የነበረ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው በማጀቴ ባለ አንድ ጓደኛዬ የተነሳ ነው። ስሙን አልጠቅስም። አብረን ኳስ ተጫውተናል፣ ግራ ክንፍ ነበር፣ ግራ እግሩን ያየ ሁሉ «ይሄ ልጅ አዲስ አበባ ይገባል» ይል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞተር ሲሄድ መኪና መታውና ወገቡን ተጎዳ። አሁን በዊልቸር ነው። ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ልጆቹን ያሰለጥናል፣ ማለቴ ይጮህባቸዋል። ሆስፒታል ሊጠይቀው እንደሄደ ጓደኛ አይዞህ አልኩት። የስፖርት ሰው ነኝ ብዬም የአበበን የቶኪዮ ታሪክ ነገርኩት፣ ከቀዶ ሕክምና ተነስቶ እንዴት እንዳሸነፈ። ዝም ብሎ ሰማኝና «አበበ እኮ ተነስቶ ነው የሮጠው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በጊዜው የማውቀው አበበ ይሄ ብቻ ነበር። ለዚያ ልጅ የሚያስፈልገው አበበ ቀጣዩ ነበር፣ ያልተነሳው፣ ተቀምጦ ቀስት የሳበው። ግማሽ ታሪክ ይዤ ሄጄ ግማሹን አፈሰስኩበት።

አንዳንዱ «ፓራሊምፒክማ እያሸነፍን አይደል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ወንድዬ ፍቅሬ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን፣ ታምሩ ደምሴ በ2016 ሪዮ ብር አምጥተዋል። በ2021 ደግሞ ትዕግስት ገዛኸኝ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ቶኪዮ ላይ፣ አበበ በገባበት የድሮው ስታዲየም ቦታ ላይ በተሠራው አዲሱ ስታዲየም ነው። በ2024 ፓሪስ ላይ ሁለት ወርቅ ተጨምሯል። ክብር ይገባቸዋል። ልብ በሉ ግን፣ ሁሉም የመጡት በ1500 ሜትር ሩጫ ነው። እግር ያለው አካል ጉዳተኛ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። እግሩ የማይታዘዝለትስ? አንድ የስፖርት ኃላፊ ይህንን ስጠይቃቸው «በዓመት አንድ ጊዜ የአካል ጉዳተኞች ቀን ስናከብር እናወዳድራለን» አሉኝ። እግር ኳስንም በዓመት አንድ ቀን እናድርገው እንዴ?

ቀስት ውድ ነው፣ አሰልጣኝም ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ጠረጴዛ ቴኒስ ግን ምን ሰበብ አለው? የጠረጴዛው ርዝመት 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ52 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ለተሽከርካሪ ወንበርም ያው ጠረጴዛ ነው፣ ጉልበት እንዳይመታ እግሮቹን ወደ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ይህንን የማይሠራ አናጢ ሸዋ ሮቢትም አጣዬም ማጀቴም የለም። ለአንድ የከተማ ዋንጫ ማልያ በሚወጣው ገንዘብ ስንት ጠረጴዛ ይቆም ነበር!

ባለፈው በዓል የቀረውን ግማሽ ይዤለት ሄድኩ። የኖርዌዩን ስነግረው በሳቅ ፈረሰ፤ «የእኛ ሰፈር ውሻ ይነክሰኛል እንጂ ይጎትተኛል?» አለኝ። ቀስቱን ሲሰማ «የት ተገኝቶ» አለ። ጠረጴዛ ቴኒሱ ላይ ስደርስ ግን ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ስንት ነው ያልከው ከፍታው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አንዱን ልጅ ሜትር አስመጣና ከመሬት እስከ ጉልበቱ፣ ከመሬት እስከ ዊልቸሩ ክንድ አስለካ። ያልፋል። አናጢውን እሱ ራሱ ሊያነጋግር፣ ራኬቱንና ኳሶቹን እኔ ይዤ ልመጣ ተስማማን። ለፋሲካ ነው የቀጠረኝ። ከማን ጋር ነው የምትጫወተው ስለው በአገጩ ሜዳ ላይ የሚራገጡትን ልጆች አሳየኝ። «ወንበር ላይ ተቀምጠው ነዋ» አለ።