ጮቄ ለሚወጣ ሰው ስንት ልብስ ይበቃዋል?

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነስቶ ጮቄ ተራራ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት ለማደር ያሰበ የከተማ ሰው ቦርሳውን ከመክፈቱ በፊት የሚጠይቀው «እዚያ ብርድ ነው አይደል?» ብሎ ነው። «አዎ» ከተባለ ቁም ሳጥኑ ይገለበጣል። ሁለት ጂንስ፣ ሦስት ሹራብ፣ ጋቢ፣ ትርፍ ጫማ፣ በመጨረሻም «ለማንኛውም» ተብሎ አንድ ሌላ ጃኬት ይገባል። ቦርሳው ሲያብጥ ዝግጅቱ ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ቦርሳ ከባድም ጎደሎም ነው ባይ ነኝ። ለተራራ ጉዞ በድርብ መያዝ ያለበት ነገር ጥቂት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅም ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲያበሰብሰን ከዋለ በኋላ የሚመጣውን ሌሊት ማሰብ ይበቃል። (ይህን ሁሉ የምለው መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ መሆኑ ይታወቅልኝ፤ ምሥራቅ ጎጃም ሰሞኑን ለእግረኛ የሚመች አገር ሆኖ አልከረመም።)

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ቢቸና ላይ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ አካባቢ ዜሮ ይጠጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር፣ ጅብራው ሥር ያለው ሣር ማለዳ ላይ በአመዳይ ነጥቶ ይገኛል። በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ግን ሽቅብ የሚወጣው ሰው አናቱን ፀሐይ ይበሳዋል፣ ሸሚዙም ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ወርዶ ዝናብ ወይም በረዶ ቢጥል ደግሞ የሚገርመው የአገሬው ሰው የለም። አስቸጋሪው እንግዲህ ብርዱ ለብቻው አይደለም፤ ላብ፣ ዝናብና ብርድ በአንድ ቀን ውስጥ ተከታትለው መምጣታቸው ነው።

ጂንስና ጋቢ የሚረቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ጥጥ ናቸው። ጥጥ ውኃን ይጠጣል፤ በክሩ መካከል የነበረውንና ያሞቀን የነበረውን አየር አስወጥቶ ቦታውን ለውኃ ይሰጣል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የሰው ገላ ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሕይወትን የሚያሰጋው የብርድ ጉዳት ይጀምራል፤ ለዚህም በረዶ መዝነብ የለበትም። ነፋስ ካለና ልብሱ ከራሰ አየሩ ከዜሮ በላይ ስምንትና አሥር ዲግሪ ሆኖም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ሦስት የጥጥ ልብስ ደርቦ ዝናብ የመታው ሰው በእርጥብ ነገር የተጠቀለለ ሰው ነው፤ የድርቡ ብዛት የጨመረለት ነገር ቢኖር የሚሸከመው ውኃ ነው።

«አባቶቻችን በጋቢ አይደል እንዴ የኖሩት?» የሚል አይጠፋም። ጋቢን ማንም አይንቀውም፤ ምሽት ላይ እሳት ዳር፣ ጣሪያ ሥር፣ የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን በግ በሚረባባቸው ደጋዎች የነበሩ ሰዎች ከበጉ ጸጉር ባናና በርኖስ የሠሩት ጥጥ ጠፍቶባቸው አይደለም። የበግ ጸጉር እርጥብ ሆኖም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ለዝናቡም ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ነበራቸው፤ ዛሬ እረኛው የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ጥግ ወደ ሌላው አስገብቶ እንደ ቆብ አናቱ ላይ ይደፋዋል። ከውስጥ የሚያሞቅ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ፤ የውጭ ኩባንያዎች በውድ ዋጋ የሚሸጡት ጃኬት የቆመውም በዚሁ አሠራር ላይ ነው። ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ከሳልባጅ ተራ የሱፍ ሹራብና ፖሊስተር ካናቴራ ቢመርጥ ከአዲስ ጂንስ የተሻለ ዕቃ ያዘ። ውድ ዕቃ ያልገዛ ተራራ አይውጣ ለሚሉት መልሴ ይኸው ነው።

በድርብ ይያዝ የምለው እንግዲህ የሌሊት ልብስ ነው። እጀ ረጅም ካናቴራ፣ ስስ ሱሪ፣ ወፍራም ካልሲና ኮፍያ ይበቃል። እነዚህ ቀን ላይ አይነኩም። በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልለው፣ አፉ ተጠምዝዞና ታጥፎ ታስሮ፣ ከቦርሳው ሥር ይቀመጣሉ። ፌስታል እየተከለከለ በመጣበት ጊዜ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛው ላስቲክ በደንብ ከታጠበ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ቦርሳው ራሱ «ውኃ አያስገባም» የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ለዚህ ጉዳይ አይታመንም፤ ውኃው ዚፑን ወይም ስፌቱን ፈልጎ ይገባል።

ትልቁ ፈተና ጠዋት ላይ ይመጣል። ትናንት የራሰው ልብስ ድንኳኑ ውስጥ እንደራሰ አድሯል፤ ደረቁ ደግሞ ገላ ላይ ሞቋል። ያን ጊዜ ደረቁን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ላስቲኩ ውስጥ መልሶ፣ እርጥቡን መልበስ የሚደፍር ጥቂት ነው። «እርጥብ ልብስ ለብሼ ብርድ ቢመታኝስ?» የሚለው ፍርሃት ከእናቶቻችን የወረስነው ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም፤ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰውም ትክክል ነው። ሽቅብ የሚራመድ ገላ ግን ራሱ ምድጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያንዘፈዝፋሉ፣ ከዚያ ዝናብ ከሌለ ልብሱ ገላ ላይ እየደረቀ ይሄዳል። ደረቁን ለብሶ የወጣና ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያገኘው ሰው ግን ማታ ሁለቱም ልብሱ እርጥብ ነው። አራት ሹራብ የያዘም ቢሆን አራቱን በተራ እያረጠበ ሄዶ እዚያው ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ብዛት መፍትሔ አይሆንም የምለው። በእርግጥ የሚዘንበው ጠዋትም ከሆነና ሰውየው አሞት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክርክር አያስፈልግም፤ ደረቁን አልብሶ ማስቀመጥ ወይም ማውረድ ነው።

«እሳት አንድደን እናደርቃለን» የሚሉም አሉ። ጮቄ ላይ ለዚህ የሚሆን እንጨት የታለ? አስታው ተመንጥሮ፣ ገብስና ድንች ሽቅብ እየተከተለው፣ የተራራው ሰው ራሱ ማገዶው ኩበት ሆኗል። ኩበት ደግሞ ማሳው ላይ መዋል የነበረበት ፍግ ነው። ለጂንስ ማድረቂያ ያንን መግዛት ገንዘብ ያለው ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ ከሙጋና ከሱሃ ወንዞች ምንጭ አጠገብ ሆኖ ሲያደርገው ግን ትንሽ ቢያፍር ደስ ይለኛል።

አሁን ከሁሉ ጠንካራ ወደሆነው ተቃውሞ ልምጣ፤ «ምን ይታወቃል?» ይላል። እግር ይወለማል፣ ጉም ወርዶ መንገድ ይጠፋል፣ ማደሪያ ላይ ሳይደረስ ይመሻል። ሁሉም እውነት ነው። ግን እነዚህን አንድ በአንድ ብናያቸው የሚጠይቁት ዕቃ የታወቀ ነው፦ ከዝናብ የሚከልል፣ ብርሃን ከነትርፍ ባትሪው፣ ያችው ደረቅ ልብስ፣ እሳት የማይፈልግ ምግብ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ተራራ ላይ የሚመረጡት ለባህል ተብሎ አይደለም፤ በሶን በጨውና በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ለመጠጣት ምድጃ አያሻም። ሁለተኛው ጂንስ ከእነዚህ አደጋዎች ለየትኛው ይሆናል? ይልቁንም አደጋውን ያቀርበዋል። ጮቄ ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ኪሎ ከቆላው ይልቅ ይከብዳል። ተጓዦች በልማድ የሚይዙት ልክ የገላን ክብደት አንድ አምስተኛ ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የጫነ ሰው ያልበዋል፣ ላቡ ከውስጥ ያረጥበዋል፣ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ዝናቡ ሜዳ ላይ ያገኘዋል። ብርድን ፈርቶ የተሸከመው ዕቃ ብርዱ እጅ ላይ ይጥለዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

«የአየሩ ዓይነት ብዙ ነው፤ ጮቄ ውርጭ፣ ዓባይ በረሃ ደግሞ ቆላ» ለሚለውም ያው ነው መልሱ። ከሞጣ ዓባይ ላይ ወዳለው ሰባራ ድልድይ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ሙቀቱ ወደሚያፍን ሸለቆ ይገባል። በዚህ መንገድ ዘመናትን የተመላለሰው የሞጣና የበጌምድር ነጋዴ ሁለት ዓይነት ልብስ አልጫነም፤ የደረበውን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግ ነበር። በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይኸው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ሰው ወዲያና ወዲህ ማዶ በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን፣ ከዚያም በ2005 ጎርፍ ከወሰደው በኋላ በ2009 አዲስ ተንጠልጣይ ድልድይ እስኪሠራ ድረስ መሻገሩ እንዲህ ያለ ነበር። በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ዓባይን የሚሻገር ሰው «ለማንኛውም» ብሎ የያዘው ዕቃ ብዙ አይመስለኝም።

ቀላል ጉዞን የሚያወድሱ ሰዎች እዚህ ላይ የቆሎ ተማሪን መጥራታቸው አይቀርም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ወደተማሩባቸው ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚጓዘው ተማሪ ሀብቱ ደበሎ፣ አኩፋዳና ዱላ ነበር። ደበሎው ቀን ልብስ፣ ማታ ፍራሽም ብርድ ልብስም ነው፤ አኩፋዳው ለቁራሹ፣ ዱላው ለውሻው። ቢቸናን አልፎ እስከ ጎንደር በዚሁ ይዘልቃል። ምሳሌው ያምራል፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚነገረው። ተማሪው ያልተሸከመውን ጣሪያ፣ እሳትና እንጀራ በየመንደሩ ያለ ሰው ይሸከምለት ነበር። አሜሪካዊቷ ኤማ ጌትውድም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት ይዘው፣ ያለ ድንኳን ጨርሰዋል፤ ለዝናቡ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ላስቲክ ነበራቸው። በመንገዳቸው ላይ ግን በር የከፈተላቸው ሰው ብዙ ነው። ጮቄ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሰው ያንን በር ትቶ ነው የወጣው። ስለዚህ ከደበሎ ለባሹ መማር ያለብን አንድ ዕቃ ለሦስት ሥራ ማዋሉን ነው፤ ባዶ እጅ መውጣቱን ማንም አይቅዳ።

የመጨረሻው ተቃውሞ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ በቅሎ ትሸከመዋለች» የሚለው ነው። ትሸከማለች፤ ነገር ግን አጋሰስ ነጂ አላት። እሱም ብዙ ጊዜ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ አንድ ጋቢ ይዞ፣ እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ሲገቡ እሱ በቅሎዎቹ አጠገብ የሚያድር ሰው ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ አንድ ተሸካሚ የሚጫንበት 20 ኪሎ እንዳይበልጥ ደንብ የወጣው፣ ለተሸካሚዎች ጃኬትና ጫማ የሚያውስ ድርጅት የተቋቋመውም ተሸካሚው ከአቅሙ በላይ የሚጫንበትና በብርድ የሚጎዳበት ነገር ስለበዛ ነው። «የአገሩ ሰው ነው፣ ለምዶታል» ይባላል። ከላይ ያልኩት የገላ ሙቀት ልክ ግን ለደብረ ማርቆስ ልጅም ለቦሌ ልጅም 35 ዲግሪ ነው፤ ልማድ ቁጥሩን አያወርደውም። እሱ በብርድ ከደነዘዘ ደግሞ ማለዳ በቅሎዎቹን የሚጭን፣ ጉም ሲወርድ መንገዱን የሚያውቅ ሰው የለንም። ስለዚህ የቡድን ጉዞ ላይ የልብስ ቆጠራው ነጂውንና መንገድ መሪውን ጨምሮ መጀመር አለበት፦ ስንት ሰው ያድራል፣ ለእያንዳንዱ ዝናብ መከለያና ደረቅ የሌሊት ልብስ አለ ወይ? ቁጥሩ ካልሞላ ከበቅሎዋ ላይ ጂንሶቹ ይውረዱና ሁለት ባናና አንድ ትርፍ ሸራ ይጫኑ፤ ከተነሱ በኋላ ስለማይገኝ ይህን ቢቸና ወይም ሞጣ ገበያ ላይ እያሉ መጨረስ ይሻላል።