ተጫዋቹን የሚጠብቅ ሙዚቃ

በ1978 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን የቪዲዮ ጌም ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጌሙ ሙዚቃ የሚባል ነገር ቢኖረው አራት ወፍራም ድምፆች ብቻ ነበሩ። አራቱ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ያለ ዕረፍት ይደጋገማሉ፤ ዜማ ለመባል እንኳ አይበቁም። ሆኖም በጌሙ ውስጥ ያሉት 55 ወራሪዎች በተጫዋቹ ተኩስ እየተመናመኑ ሲሄዱ የተረፉት እየፈጠኑ ይመጣሉ፤ አራቱ ድምፆችም አብረዋቸው ይፈጥናሉ። ፈጣሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የወራሪዎቹን መፍጠን መጀመሪያ አላቀደውም ነበር። ማሽኑ የሚስላቸው ጠላቶች ቁጥር ሲቀንስ ሥራው ስለሚቀልለት ፍጥነቱ በራሱ መጣ፤ ኒሺካዶም ወደደውና እንዳለ ተወው። ውጤቱ የሚገርም ነው፦ ተጫዋቹ ለማሸነፍ በቀረበ መጠን ጭንቀቱ ይብሳል፤ የሚያስጨንቀውንም ድምፅ የሚያፋጥነው የራሱ ጥይት ነው።

ስለ ጌም ሙዚቃ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የዜማው ውበት ነው። የሙዚቃ ደራሲው ኮጂ ኮንዶ ለሱፐር ማሪዮ የሠራውን ዜማ ጌሙን ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ያፏጨዋል። ውበቱን አልክድም። ድባቡ የሚሠራው ግን ሌላ ቦታ ነው እላለሁ፤ ሙዚቃው መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚለወጥ፣ ከሁሉም በላይ መቼ ዝም እንደሚል በሚወስነው ሕግ። በ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ውስጥ እንኳ ተጫዋቹን ከወንበሩ ጫፍ የሚያስቀምጠው ሰዓት ቆጣሪው ከ100 በታች ሲወርድ ያው የታወቀው ዜማ በድንገት መሮጥ መጀመሩ ነው። ዜማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሁኔታው ነው።

የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ጀግናው በሩን በስንተኛው ሰከንድ እንደሚከፍት ያውቃል። የጌም ሙዚቃ ደራሲ ይህን አያውቅም። ተጫዋቹ በሩ ፊት ቆሞ ስልክ ሊያነሳ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ፣ አሥር ጊዜ ሞቶ አሥር ጊዜ ሊመጣ ይችላል። አንድ ጎበዝ አዝማሪ ማን እንደገባ፣ ማን እንደሞቀው፣ ማን እንደከፋው እያየ ግጥሙን ይለዋውጣል፣ ምቱን ያፈጥናል፣ ያቀዘቅዛል። የጌም ሙዚቃ ደራሲ ግን ከተጫዋቹ ጋር አብሮ የለም። የአዝማሪውን ዓይን በፕሮግራም መተካት አለበት።

ይህን በግልጽ ተረድተው መፍትሔ ካበጁት መካከል የጌም ኩባንያው የሉካስአርትስ ባልደረቦች የነበሩት ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል ይገኙበታል። አይሚዩዝ ብለው የሰየሙት ሥርዓት በ1991 በወጣው መንኪ አይላንድ 2 ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ሙዚቃው በአብዛኛው ተቆርጦ ሌላው ከመጀመሪያው ይነሳ ነበር። በአይሚዩዝ ግን ሙዚቃው ስንኙን እስኪጨርስ ትንሽ ይጠብቃል፤ ለመሻገሪያ ተብሎ የተጻፈ አጭር ሐረግ ይገባል፤ ከዚያ አዲሱ ዜማ ይቀጥላል። አድማጩ ስፌቱን አያየውም። ከዚህ የቀለለ ዘዴም አለ፤ በ1990ው ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ማሪዮ ጓደኛውን ዮሺን ሲጋልብ በዚያው ዜማ ላይ የከበሮ ምት ይደረባል፣ ሲወርድ ይቋረጣል። ሙዚቀኛ ያልሆነ ልጅ እንኳ ጓደኛ ማግኘትና ጓደኛ ማጣት ምን እንደሚመስል በጆሮው ያውቃል።

ዝምታንና ጉርምርምታን አስቀድሞ በድፍረት የተጠቀመው ግን የኒንቴንዶው ሂሮካዙ ታናካ ይመስለኛል። ታናካ በሙያው ኢንጂነርም ነበር። በ1986 ለሜትሮይድ ሙዚቃ ሲሠራ ተጫዋቹ የትኛው የሙዚቃ፣ የትኛው የፍጡራኑ ድምፅ እንደሆነ እንዳይለይ ፈለገ። የዘመኑ ጌሞች ደስ የሚሉ፣ የሚዜሙ ቁርጥራጮች ሲደረድሩ እሱ ተጫዋቹን በባዕድ ፕላኔት ዋሻ ውስጥ ብቻውን ተወው። ለጆሮ የሚጥመውን ዜማ ያስቀመጠው ለመጨረሻው ነው፤ የመጨረሻዋን ጠላት ያሸነፈ ብቻ ይሰማዋል። በዚያን ጊዜ የነበረው መሣሪያ በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው ጥቂት ቀላል ድምፆችን ነበር። የመሣሪያው ድህነት ግን አላገደውም፤ ታናካ የከለከለው ነገር ከሰጠው ይልቅ ሠርቶለታል።

ይህ መከልከል ከደረሰበት ከፍታ ሁሉ ለእኔ የሚልቀው በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ ነው። ዳይሬክተሩ ፉሚቶ ኡዌዳ፣ ሙዚቃው የኮው ኦታኒ። ኦታኒ ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ ጋሜራ በተባሉት የግዙፍ አውሬ ፊልሞች ላይ ሠርቷል፤ ግዙፍ ነገር በሙዚቃ እንዴት እንደሚገዝፍ ያውቃል ማለት ነው። የጌሙ ታሪክ አጭር ነው። አንድ ወጣት የሞተች ልጃገረድን በፈረስ ጭኖ ወደ ተከለከለ ምድር ይመጣል። እሷን ለማስነሳት 16 ግዙፍ ፍጡራንን መግደል አለበት። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲጋልብ ምድሪቱ ሰፊና ባዶ ናት፤ በዚያ ረጅም ጉዞ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። የፈረሱ ኮቴ አለ፣ ነፋስ አለ። ሌላ ጌም ቢሆን ይህን ሜዳ በጀግንነት ዜማ ይሞላው ነበር፤ ኡዌዳና ኦታኒ ግን ተጫዋቹን ከሐሳቡ ጋር ተዉት።

ፍጡሩ ሲገኝ ኦርኬስትራው ይነሳል። መጀመሪያ የሚሰማው አስፈሪና ከባድ ነው። ተጫዋቹ የፍጡሩን ፀጉር ጨብጦ መውጣት ሲጀምር ግን ሙዚቃው ይገለበጣል፤ ድል ያሸታል፣ ደም ያሞቃል። ይህን ቅጽበት ያመጣው የተጫዋቹ እጅ እንጂ አስቀድሞ የተቆጠረ ሰከንድ አይደለም። ከዚያም የመጨረሻው ሰይፍ ይገባል፤ ያ ግዙፍ አካል ቀስ ብሎ ይወድቃል፤ ተጫዋቹ የሚጠብቀው የድል ዜማ ቀርቶ ሙሾ የመሰለ ነገር ይሰማል። ጌሙ አንድም ቃል ሳይናገር «ምን አደረግህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚቆረቁረው ከሰከንዶች በፊት የጀግንነቱ ሙዚቃ ያሞቀው እሱን ራሱን ስለነበረ ነው። ቀጥሎ ተጫዋቹ ወደ ዝምታው ሜዳ ይመለሳል፤ ያው ሜዳ ግን አሁን ሌላ ነው፤ ዝምታው ጸጸት ይዟል። በፊልም ተመልካች ለገዳዩ ያዝናል ወይም ይፈርድበታል። እዚህ ገዳዩ ተጫዋቹ ነው።

በአስፈሪ ጌሞች በኩል የ1999ኙ ሳይለንት ሂል ሊጠቀስ ይገባል። የአኪራ ያማኦካ ሥራ ከፋብሪካ ጩኸት የተወለደ ይመስላል። ጌሙ ለገጸ ባሕሪው የሰጠው ትንሽ ሬዲዮ ደግሞ ጭራቅ ሲቀርብ ይንሿሿል። ጭጋጉ ዓይንን ስለጋረደ ተጫዋቹ የሚያየው በጆሮው ነው ማለት ይቻላል፤ ሬዲዮው ዝም ባለበት ሰዓትም ልቡ አያርፍም።

እዚህ ላይ ነገሬን የሚያፈርስ የሚመስል አንድ ጌም አለ፤ ማይንክራፍት። ሲ418 በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊው ዳንኤል ሮዘንፌልድ የሠራው ሙዚቃ ተጫዋቹ ለሚያደርገው ነገር መልስ አይሰጥም። ለረጅም ደቂቃዎች ምንም አይሰማም፤ ከዚያ ለስለስ ያለ ፒያኖ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይገባል፣ ይሄዳል። ዜማው በራሱ ነው የሚሠራው የሚል ሰው ይህን ሊጠቅስብኝ ይችላል። እኔ ግን ይህም ሕግ ነው ባይ ነኝ፤ ሕጉ እጣ ነው። ተጫዋቹ ቤቱን ሠርቶ ሲጨርስ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ፒያኖው ቢገጥም፣ ያ ግጥጥሞሽ የእሱ ብቻ ይሆናል፤ ጎረቤቱ በዚያው ዜማ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ያው ፒያኖ ሳያቋርጥ ቢደጋገም ኖሮ በሁለተኛው ቀን ይሰለች ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2025 የዚህን ጌም የመጀመሪያ አልበም በብሔራዊ የቀረጻ መዝገቡ ውስጥ አካቶታል።

መዝገቡ የተቀበለው ግን አልበሙን ነው፤ ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ግራሚ ከ2023 ጀምሮ ለጌም ሙዚቃ የራሱን ዘርፍ ከፍቷል፤ የመጀመሪያውን ሽልማት ስቴፋኒ ኢኮኖሙ በአሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ ሥራዋ ወስዳለች። ክብሩ የሚገባ ነው። ሆኖም የሚመዘነው ተቀርጾ የተቀመጠው ዜማ ነው፤ ሙዚቃው የሚጠብቅበት፣ የሚዘገይበት፣ የሚከለክልበት ሕግ በአልበም አይሰማም። የኦታኒን አልበም የሚገዛ ሰው ሙሾውን ያገኛል፤ ከሙሾው በፊትና በኋላ ያለውን ሜዳ አያገኝም። ሥራው ግማሹ ጠፍቷል።

አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ብዙ ፕሌይስቴሽን ቤቶች የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዝቅ ብሎ ወይም ጠፍቶ የቤቱ ስፒከር ሌላ ዘፈን ይለቃል። ለእግር ኳስ ጌም ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ጩኸቱን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይሞሉታል። ከላይ የጠቀስኳቸውን ጌሞች ግን እንዲህ መጫወት ግማሹን መተው ነው። አንዱን የመጫወት ዕድል ያገኛችሁ አንባቢያን፣ ሙዚቃውን አስቀድማችሁ በዩቲዩብ አትስሙት፤ ማታ፣ በኢርፎን፣ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ተጫወቱት፤ ምንም የማይሰማበት ቦታ ላይ ስትደርሱም ድምፁን ለመጨመር አትቸኩሉ።