የደቡብ ጽጌረዳዎች

 

ዛሬ ዕድሜው ከ140 ዓመት ስላለፈ አንድ የዳንስ ሙዚቃ ላጫውታችሁ። «የደቡብ ጽጌረዳዎች» ይባላል፤ የቪየናው ዮሐን ስትራውስ ልጅየው የደረሰው ዋልዝ ነው። ልጅየው ያልኩት አባቱም ዮሐን ስትራውስ የሚባል ሙዚቀኛ ስለነበረ ነው።

በ1880 እ.ኤ.አ. ስትራውስ «የንግሥቲቱ የዳንቴል መሐረብ» የተባለ ኦፔሬታ ቪየና ላይ ለመድረክ አበቃ። ኦፔሬታ ንግግርም ዘፈንም ያለበት፣ ሳቅ የማይጠፋበት ቲያትር ነው። ከዚያ ውስጥ ጆሮ የሚይዙትን ዜማዎች መርጦ፣ ያለ ቃል፣ ለዳንስ እንዲሆኑ አገጣጠማቸው።

ለምን? ያን ጊዜ ሬዲዮ የለም፣ ስልክ ላይ ሙዚቃ መክፈት የለም። ቲያትሩን ለማየት ትኬት መቁረጥ ግድ ነው። የዳንሱ ኖታ ግን ታትሞ ይሸጣል፤ ፒያኖ ያለው ሰው ቤቱ ወስዶ ይጫወተዋል። ዛሬ ኦፔሬታው ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ዋልዙን ግን ኦርኬስትራዎች እስካሁን ይጫወቱታል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ስትራውስ ይህን ዋልዝ ያበረከተው ለጣሊያኑ ንጉሥ ለቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። አዎ፣ ያው ኡምቤርቶ! ከ16 ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም.፣ ጦሩ ዓድዋ ላይ ድል የተመታበት ንጉሥ። ልጆች፣ ይህንን ለመምህራችሁ ንገሩ።

ወላጆች፣ ባዕድ አገር የሚያድግ ልጅ ቋንቋውንም፣ ታሪኩንም፣ ዘፈኑንም ሁሉ ካልያዘ ብለን እንጨነቃለን። ሁሉን ስንል ጭራሽ ባዶ እጁን እንዳይቀር። ምግብ ቤቴ ውስጥ እንደማየው፣ ግጥሙ የማይገባው ልጅ እንኳን እስክስታ ሲመታ ትከሻው ዝም አይልም። ዜማው ከያዘው «እማዬ፣ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ ማስረዳት ነው።

እስቲ በዚህ ሳምንት ዋልዙን ክፈቱት። መግቢያው ለስለስ ያለ ነውና ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ከልጆቹ ጋር 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቁጠሩ፤ 1 ላይ ረገጥ አድርጉ። ሲያልቅ እናንተ በልጅነታችሁ የጨፈራችሁበትን አንድ ዘፈን አስከትሉ። አንድ ብቻ ይበቃል፤ ግን በደንብ ይያዝ።

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።