ኳሷ ለምን እምቢ አለች?

አባቴ ለሕክምና ከደብረ ወርቅ በመጡ ሰሞን፣ የ13 ዓመት ልጄ «አባባ፣ መጥተው ይዩኝ» ብሎ ቦውሊንግ ወደሚጫወትበት አዳራሽ ወሰዳቸው። እኔም ተከተልኩ። ከእኩዮቹ ጋር የሦስት ዙር ውድድር ነበራቸው።

በመጀመሪያው ዙር ልጁ በቀኝ ዳር የሚለቃት ኳስ ፒኖቹ አጠገብ ስትደርስ ወደ ግራ እየታጠፈች ዘጠኙን፣ አንዳንዴም አሥሩንም ትዘርራቸው ነበር። (ኳሷ የራሱ ናት። አጎቱ ከውጭ ሲመጣ አምስት ኪሎ ተኩል ድንጋይ ተሸክሞ መጣ ብለን ስቀንበታል።) በሦስተኛው ዙር ግን ያችው ኳስ፣ በዚያው እጅ፣ ከዚያው ቦታ ተለቃ ያለጊዜዋ እየታጠፈች ከፒኖቹ በግራ በኩል ታልፍ ጀመር። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። «ሌሊቱን ስልክ ላይ ስታፈጥ አድረህ ነው» አልኩት፣ ጓደኞቹ ፊት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አጠገባችን የነበረ ጎልማሳ ተጫዋች ሰምቶ ኖሮ «ልጁን አይቆጡት፤ ወለሉ ነው የተለወጠው» አለኝ።

ወለሉ ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 18 ሜትር ከ29 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በዓይን በማይለይ ስስ ዘይት ይቀባል። በብዙ አዳራሾች ዘይቱ መሃል ላይ ወፈር፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሳሳ ይላል። ዘይቱ ያለበት ላይ ኳስ ትንሸራተታለች፤ ደረቁ ጋ ስትደርስ ወለሉን ትይዝና ትታጠፋለች። የአዳራሹ ኳሶች ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆኑ እምብዛም አይታጠፉም። እንደ ልጄ ያለችው ኳስ ግን ልባሷ ዘይት ይመጣል። አምስት ስድስት ቀኝ እጆች በአንድ መንገድ ሲመላለሱ መንገዱ ይደርቃል፣ ኳሷም ቀድማ ትታጠፋለች። ግራኝ ተጫዋች በወገኑ የሚሻማው ስለማይበዛ ወለሉ ቶሎ አይለወጥበትም። በትልልቅ ውድድሮች ደግሞ ዘይቱ ከዳር እስከ ዳር ተመጣጥኖ ስለሚቀባ፣ ትንሽ የሳተ ውርወራ የሚመልሰው የለም።

መፍትሔው ጉልበት አይደለም። ቀኝ እጅ ተጫዋች እግሩንም ዒላማውንም ትንሽ ወደ ግራ፣ ዘይቱ ወዳልተነካበት ያዛውራል፤ ወይም ብዙ የማትታጠፍ ኳስ ያነሳል። ልምድ ያላቸው ኳሷ እስክትስት አይጠብቁም፤ ቀደም ብላ መታጠፍ ስትጀምር አይተው ይንቀሳቀሳሉ።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ ገና ጨዋታ አይደለም እንዴ!» አሉ። ጠዋት ሣሩ ጤዛ ይዞ ሩሯ አልሄድ ትላለች፤ ከሰዓት ሜዳው ደርቆ፣ ሣሩ ተረጋግጦ ሲያልቅ በትንሽ ምት ትከንፋለች። «በጠዋቱ ምት ከሰዓት የመታ ለባላጋራው አቀበላት» አሉት ለልጁ።

«እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ወደ ኋላ ራቅ ብለን እንቆማ!»

ልጁ እንባውን ጠርጎ እግሩን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ አዛወረ። የመጀመሪያዋ አሁንም ሳተች። ሁለተኛዋ ገባች፤ ሰባት ጣለች። ውድድሩን አላሸነፈም።

ታክሲ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ ከአያቱ ጋር ለገና ደብረ ወርቅ ስለ መሄድ እየተነጋገረ ነበር።